ደረት ሲታመም አእምሮ ለምን ይታወካል?

በዛሬው የጤና አምዳችን ብዙ ጊዜ ተያይዘው የማይታዩ ሁለት የአካል ክፍሎችን፣ ሳንባንና አንጎልን፣ አያይዘን እንመለከታለን።

ሰው ሲያስል ሁላችንም የምናስበው ስለ ደረቱ ነው። ትኩስ ነገር እንሰጠዋለን፣ ከብርድ እንከልለዋለን፣ ሲብስበትም ወደ ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን። ይኸው ሰው በሦስተኛው ቀን መቃዠት ቢጀምር፣ ልጁን መለየት ቢያቅተው፣ ወይም ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ቢጫነው ግን ነገሩ ከሳሉ ጋር የተያያዘ መሆኑ አይታየንም። አንዱ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ይላል። ሌላው «እርጅና ነው» ይላል። «መንፈስ ነው» የሚልም አይጠፋም። በዚህ መካከል ግን ውድ የሆኑ ሰዓቶች ያልፋሉ።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢሄዱ የሚከተለውን ይያዙ። የደረት ሕመም ያለበት ሰው ንቃቱ፣ ጠባዩ ወይም አነጋገሩ በድንገት ከተለወጠ ሕመሙ አንጎሉን መንካት ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል ነገ ሳይባል በዚያው ሰዓት ሕክምና ማግኘት አለበት።

አንጎል ስንቅ የለውም

የሰው አንጎል ክብደት ከመላ ሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ሰውነታችን ከሚጠቀምበት ኦክስጅን ከመቶ 20 እጅ ያህሉን የሚወስደው እርሱ ነው። ጡንቻዎቻችን ለጥቂት ጊዜ ያለ በቂ ኦክስጅን መሥራት ይችላሉ። አንጎል ግን ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ስንቅ የለውም። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ጨርሶ ቢቋረጥ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። ከአራትና ከአምስት ደቂቃ በኋላም የአንጎል ሕዋሳት መሞት ይጀምራሉ።

በሳንባ ሕመም ጊዜ ኦክስጅን የሚቀንሰው ብዙውን ጊዜ ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያ የሚዳከመው ነገሮችን አመዛዝኖ የማየት ችሎታ ነው። ታማሚው ይነጫነጫል፣ ይረሳል፣ እንደ ሰከረ ሰው ንግግሩ ይምታታል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ የራሱ ሁኔታ ለራሱ አለመታወቁ ነው። «ደህና ነኝ፣ ተዉኝ፣ የትም አልሄድም» ሊል ይችላል። ስለዚህ መወሰን ያለበት አጠገቡ ያለው ሰው ነው።

እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋማ ከተሞች የምንኖር ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ማለት ይገባናል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። ጤነኛ ሰው ለምዶት ይኖራል። ሳንባው የታመመ ሰው ግን ቆላ ቢሆን ሊያገኘው የሚችለውን ትርፍ እዚህ አያገኝም።

የሳንባ ሕመም አንጎልን የሚጎዳባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው አሁን ያየነው የኦክስጅን እጥረት ነው። ሁለተኛው መውጣት ያለበት የተቃጠለ አየር በሰውነት ውስጥ መጠራቀሙ ነው። ሦስተኛው ሕመሙን ያመጣው ተህዋሲ ራሱ ከሳንባ ተነሥቶ ወደ አንጎል መጓዙ ነው። እያንዳንዱን በየቤታችን በሚያጋጥም ሁኔታ እንመልከተው።

አረጋውያንና የሳንባ ምች

በወጣት ሰው ላይ የሳንባ ምች በቀላሉ ይታወቃል። ትኩሳት አለው፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያስለዋል፣ ጎኑን ይወጋዋል። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ግን ትኩሳቱ ላይታይ፣ ሳሉም ትንሽ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት የአእምሮ መታወክ ብቻ ነው። ትናንት የቤተሰቡን ጉዳይ ሲመክሩ የነበሩ አባት ዛሬ ቀኑና ሌሊቱ ይምታታባቸዋል፤ የሌለ ሰው ያነጋግራሉ፤ ሽንት ያመልጣቸዋል፤ ምግብ ይተዋሉ፤ ተነሥተው ሲሄዱ ይወድቃሉ።

ይህ የሚሆነው ኦክስጅን በማነሱ ብቻ አይደለም። ሰውነት ተህዋሲውን ለመዋጋት የሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች፣ ከትኩሳትና ካለመጠጣት የሚመጣው የውኃ እጥረት፣ በደም ውስጥ ያለው የሶዲየም ጨው መውረድ፣ እነዚህ ሁሉ ተደምረው በዕድሜ የደከመውን አንጎል ያናውጡታል።

«ታዲያ ይህ ከእርጅና የመርሳት በሽታ በምን ይለያል?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ዋናው መለያው ፍጥነቱ ነው። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት የሚመጣ ነው። ከሕመም የሚመጣው መታወክ ግን በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀምራል፤ ጠዋት ሻል ብሎ ማታ ይብሳል። ስለዚህ «ባለፈው ሳምንት እንዲህ ነበሩ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልሱ «አልነበሩም» ከሆነ እርጅና በአንድ ሳምንት አይመጣምና ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።

ሐኪሞችም ለዚህ ምልክት ትልቅ ቦታ ይሰጡታል። የሳንባ ምችን ክብደት ለመመዘን የሚጠቀሙበት «ከርብ 65» የሚባል ቀላል መለኪያ አለ። አምስት ነጥቦች አሉት፤ የአእምሮ መታወክ፣ በደም ውስጥ የዩሪያ መብዛት፣ በደቂቃ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ የደም ግፊት መውረድ፣ እንዲሁም 65 ዓመትና ከዚያ በላይ መሆን ናቸው። ከአምስቱ የመጀመሪያው የአእምሮ መታወክ መሆኑን ልብ ይበሉ። እርሱን ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ከማንም ቀድመው የሚያዩት ደግሞ አብረዋቸው የሚኖሩት እርስዎ ነዎት።

ሕፃናትም መናገር አይችሉም

ሕፃን ልጅ «ዞረብኝ» ወይም «ደከመኝ» ብሎ አይነግረንም። ስለዚህ የሚያሳየንን ማንበብ አለብን። ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሳል ይዞት አተነፋፈሱ ከፈጠነ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ ፈጣን ይባላል። ልጁ ጸጥ ባለበት ሰዓት ልብሱን ገለጥ አድርገው፣ ሰዓት ይዘው፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ።

ሆኖም ከቁጥሩ በላይ የሚያስፈሩ አራት ምልክቶች አሉ። ጡት መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ መንዘፍዘፍ፣ እንዲሁም መፍዘዝ ወይም አልነቃ ማለት ናቸው። ኋለኞቹ ሁለቱ በቀጥታ ከአንጎል የሚመጡ ምልክቶች ናቸው። ሲያለቅስ ያደረው ልጅ በድንገት ዝም ሲል «ተመስገን፣ ተኛ» ከማለታችን በፊት ጠርተን፣ ነካክተን መቀስቀስ ይገባናል። የማይነቃ ከሆነ እንቅልፍ አይደለም። «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ እየታሸ የሚያድርበት ሌሊትም አይደለም።

መውጣት ያቃተው አየር

ወደ ሁለተኛው መንገድ እንለፍ። ለብዙ ዓመታት ትንባሆ ያጨሱ ሰዎች የአየር ቧንቧቸው እየጠበበ፣ ሳንባቸውም እየላላ ይሄዳል። በአገራችን ግን ሲጋራ በእጃቸው ይዘው የማያውቁ እናቶችም ይህ ሕመም ይይዛቸዋል። ምክንያቱም መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ የእንጨት፣ የኩበትና የቅጠል ጭስ ሲተነፍሱ ኖረዋል። እንጀራ ሲጋገር የሚያለቅሰው ዓይናቸው ብቻ አይደለም፣ ሳንባቸውም ጭምር ነው።

እንዲህ ያለ ሳንባ አየር ማስገባት ብቻ ሳይሆን ማስወጣትም ያቅተዋል። ሰውነት ምግብ ሲያቃጥል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ይጠራቀምና ደሙን ያኮመጥጠዋል። በአንጎል ውስጥ ያሉ የደም ሥሮችም ይሰፋሉ። በመሆኑም ታማሚው ጠዋት ሲነሣ ራሱን ያመዋል፤ ሌሊት ስንተኛ አተነፋፈሳችን ስለሚዳከም የተጠራቀመው አየር የሚበዛው ያን ጊዜ ነውና። ቀን ቀን እንቅልፍ ይጫነዋል፤ እያወራ ያሸልባል። እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ መዳፎቹን ወደ ላይ ቀና እንዲያደርግ ቢጠየቅ እጆቹ ክንፏን እንደምታራግብ ወፍ ይርገፈገፋሉ። ሳይታከም ከቆየ ራሱን ይስታል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎችን እናስታውስዎ። የመጀመሪያው ስለ እንቅልፍ መድኃኒት ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሌሊት ሲቁነጠነጥ ሲያዩ አዝነው «ትንሽ ይረፍ» ብለው እንደ ዲያዚፓም ያለ ክኒን እንዳይሰጡት። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕም እንዲሁ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የአተነፋፈስን ማዘዣ ስለሚያደነዝዙ ሰውየው ተኝቶ ላይነሣ ይችላል።

ሁለተኛው ስለ ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ መጠን አለው። ይህ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ከመጠን በላይ ሲሰጥ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ክምችት ሊብስ ይችላል። በአውስትራሊያ ታዝማኒያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነ ጥናት እንዲህ ላሉ ሕመምተኞች በአምቡላንስ ውስጥ ኦክስጅን ተመጥኖ ሲሰጥ ሞት ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የተመጠነው በጣት መለኪያው ላይ ከ88 እስከ 92 እንዲያነብ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ኦክስጅኑን ዝቅ ሲያደርገው ቢያዩ «ለምን ይቆጥብብናል?» ብለው አይቆጡ፤ እርስዎም የመክፈቻውን ቁልፍ አይንኩ።

ከሳንባ ተነሥቶ ወደ አንጎል

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የቲቢን ተህዋሲ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ማግኘቱን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነበር። ሁላችንም ቲቢን የምናውቀው በሳንባ ነው። ነገር ግን ተህዋሲው በሳንባ በኩል ከገባ በኋላ በደም ተጉዞ በአንጎል ላይና በአንጎል ሽፋን ውስጥ ትንንሽ ቁስሎች ፈጥሮ ሊደበቅ ይችላል። አርኖልድ ሪችና ሃዋርድ ማኮርዶክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳስረዱት፣ ከእነዚህ ቁስሎች አንዱ ሲፈነዳ ተህዋሲው አንጎልን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ይረጫል። የቲቢ ማጅራት ገትር የሚባለው ይህ ነው።

ማጅራት ገትር ሲባል ብዙዎቻችን በድንገት ጀምሮ በአንድና በሁለት ቀን የሚጥለውን እናስባለን። የቲቢው ግን ቀስ ብሎ የሚገባ ሌባ ነው። ለአንድ፣ ለሁለት፣ ለሦስት ሳምንት ያህል ቀላል ትኩሳት፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ማስመለስና የምግብ ፍላጎት ማጣት ይኖራል። ተጫዋች የነበረ ልጅ ይነጫነጫል፤ ትጉህ የነበረ ተማሪ ይፈዝዛል፤ ዝምተኛ የነበረ ሰው ያለ ምክንያት ይቆጣል። ቀጥሎ አንገት ይገተራል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ የዓይን ሽፋን ይወድቃል፣ መንዘፍዘፍና ራስን መሳት ይከተላሉ። ሳል ላይኖርም ይችላል።

በ1940ዎቹ ስትሬፕቶማይሲን እስኪገኝ ድረስ ይህ ሕመም የያዘው ሰው ይድናል ተብሎ አይጠበቅም ነበር። ዛሬ ይድናል። ነገር ግን የሚድነው ምን ያህል እንደሆነ የሚወስነው ሕክምና ሲጀምር የነበረበት ሁኔታ ነው። አእምሮው ገና ሳይታወክ የመጣ ሰው ጤንነቱ ተመልሶ ወደ ሥራው የመግባት ተስፋው ትልቅ ነው። ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ግን ከሞት ቢተርፍ እንኳ መስማት፣ ማየት ወይም መራመድ ሊሳነው ይችላል። ሕክምናው ለአዋቂዎች አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ይፈጃል፤ የሳንባው ቲቢ በተለምዶ ከሚወስደው 6 ወር እጥፍ ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኃኒት የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው።

ሐኪሙ ይህን ሕመም ከጠረጠረ ከወገብ ፈሳሽ መቅዳት አለበት። ብዙ ቤተሰብ እምቢ የሚለው እዚህ ላይ ነው። «ከወገቡ ከተቀዳ ሽባ ይሆናል» የሚለው ወሬ በየሰፈሩ አለ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የአዋቂ ሰው ኅብለ ሰረሰር የሚያልቀው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ስለሆነ ኅብለ ሰረሰሩን አያገኘውም። አንዳንድ ሰው ለጥቂት ቀናት ራሱን ሊያመው ይችላል። ከተቀዳላቸው በኋላ የሞቱ ወይም ሽባ የሆኑ ሰዎች ቢኖሩ አብዛኞቹን የጎዳቸው ዘግይተው የመጡበት ሕመም ነው።

ሕፃናትን ከዚህ ለመጠበቅ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ልጁ እንደ ተወለደ ክንዱ ላይ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ነው። ይህ ክትባት አዋቂዎችን ከሳንባ ቲቢ የመጠበቅ ኃይሉ ደካማ ቢሆንም ሕፃናትን ከቲቢ ማጅራት ገትር በሚገባ ይከላከላል። ሁለተኛው ቤት ውስጥ የሳንባ ቲቢ ታማሚ ካለ አብረውት የሚኖሩትን ሁሉ፣ በተለይም ከአምስት ዓመት በታች የሆኑትን ልጆች፣ ማስመርመርና የመከላከያውን መድኃኒት ማስጀመር ነው።

መድኃኒቱም ነርቭን ሲነካ

የቲቢ መድኃኒት ጀምረው እግራቸው የሚቃጠል፣ መርፌ መርፌ የሚላቸው ወይም የሚደነዝዛቸው ሰዎች አሉ። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ኢሶኒያዚድ የተባለው መድኃኒት ለነርቭ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ቢ6 ስለሚያሳጣ ነው። እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች፣ የስኳር ሕመምተኞች፣ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎችና በምግብ እጥረት የተጎዱ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ሐኪም ፒሪዶክሲን የሚባለውን ቫይታሚን ያዝዛል። ኢታምቡቶል የተባለው ሌላው መድኃኒት ደግሞ አልፎ አልፎ የዓይንን ነርቭ ይነካል። ቀይና አረንጓዴ ቀለም መለየት ካስቸገረዎ ወይም እይታዎ ከደበዘዘ በዚያው ቀን ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ይህን የምንነግርዎ መድኃኒቱን እንዲፈሩ አይደለም። በራስዎ ፈቃድ ማቋረጥ ከመድኃኒቱ ይልቅ አደገኛ ነው። ቲቢው መድኃኒቱን ተለማምዶ ይመለሳልና።

እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የመጣው ኮቪድ 19ም የመተንፈሻ አካላት ሕመም ከነርቭ ጋር ያለውን ትስስር ለብዙ ሰው አሳይቷል። የቡና ሽታ የጠፋበት፣ ከዳነም በኋላ ለወራት ያነበበውን መያዝ ያቃተው ሰው ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው «ሰንፏል» ብለን አንውቀሰው። ቀስ በቀስ ወደ ሥራው እንዲመለስ እንርዳው፤ ካልተሻለውም ይመርመር።

ስለ ጸሎትም አንድ ቃል

አማኝ ቤተሰብ ሰው ሲታወክበት መጸለዩ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን በትኩሳትና በሳል መካከል የጀመረን መቃዠት ያለ ምርመራ «የክፉ መንፈስ ነው» ብሎ ታማሚውን ከቦታ ቦታ ማዞር ሰውየው ሊድንባቸው የሚችልባቸውን ቀናት ያሳጣዋል። «ተፈውሻለሁ» ብሎ የቲቢ መድኃኒት ማቋረጥም እንዲሁ ነው። ወንጌልን የጻፈው ሉቃስ ራሱ ሐኪም እንደ ነበር አንዘንጋ። ወደ ሆስፒታል በሚወስደው መኪና ውስጥም መጸለይ ይቻላል።

እንግዲህ ምን ያድርጉ?

የሚያስል ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ቤትዎ ካለ በየጊዜው ያነጋግሩት። ስሙን፣ ያለበትን ቦታና ዕለቱን ይጠይቁት። ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

– በድንገት የጀመረ መቃዠት ወይም ሰው አለመለየት
– ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ፣ ለመቀስቀስ ማስቸገር
– መንዘፍዘፍ
– የማይለቅ ራስ ምታት ከማስመለስ ወይም ከአንገት መገተር ጋር
– የከንፈር ወይም የምላስ መጥቆር፣ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ ማጠር
– ሕፃን ከሆነ መጥባት ማቆም

በመንገድ ላይ ቀና አድርገው ያስቀምጡት። ራሱን ከሳተ ግን በጎኑ ያስተኙት፤ በአፉም ምግብም ሆነ ውኃ አይስጡት። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱም «ያስለዋል» ብቻ ብለው አያቁሙ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ አእምሮው ተለውጧል» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ታማሚው በወረፋ እንዲቆይ ወይም ቅድሚያ እንዲያገኝ ልታደርግ ትችላለች።

ጤነኛ ለሆኑትም ሥራ አለ። የልጆችዎን የክትባት ካርድ ያውጡና ይመልከቱ። የሳንባ ምችንና ማጅራት ገትርን የሚያመጣው የኒሞኮካል ተህዋሲ ክትባት በአገራችን መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ያልተሟላ ካለ ያስጨርሱ። ማድ ቤትዎ መስኮት ወይም የጭስ መውጫ ከሌለው በዚህ ወር ይክፈቱለት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው ካለም ለቲቢ ይመርመር።